በግል የሚታተም ኮሚክ ምንድን ነው?

በግል የሚታተም ኮሚክ ማለት ሠዓሊው የታሪኩንና የገጸ ባሕርያቱን መብት ለማንም ሳይሸጥ፣ የማተሚያውን ወጪና የኪሳራውን ስጋት ራሱ ተሸክሞ የሚያወጣው በተከታታይ ሥዕሎች የሚተረክ መጽሔት ነው። ብዙ ሰው መለያው የአሣሣሉ ስልት ወይም የይዘቱ ድፍረት ይመስለዋል፤ ቁም ነገሩ ግን ባለቤትነቱ ላይ ነው። በአሜሪካ ትልልቅ አሳታሚዎች ዘንድ ለረጅም ዘመን የቆየው ልማድ ሠዓሊው በገጽ እየተከፈለው የፈጠራቸው ገጸ ባሕርያት የኩባንያው ንብረት የሚሆኑበት ነበር።

መንገዱን የከፈተው፣ የሥዕል አፍቃሪ ባይወደውም፣ የንግድ አሠራር ለውጥ ነው። ቀድሞ የጋዜጣ መሸጫዎች ያልተሸጠውን ቅጂ ለአሳታሚው ይመልሱ ስለነበር ገንዘብ የሌለው ሰው ሊደፍረው አይችልም ነበር። ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ግን የኮሚክ ሱቆች በተሻለ ቅናሽ፣ ላይመልሱ፣ አስቀድመው ማዘዝ ጀመሩ፤ በዚህም አሳታሚው ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት ስንት ቅጂ እንደታዘዘለት ያውቃል። የውስጥ ገጾቹ በጥቁር ቀለም ብቻ ሲታተሙ ደግሞ ወጪው ይበልጥ ይቀንሳል።

የኦሃዮው ጄፍ ስሚዝ የሄደበት መንገድ ይህን በግልጽ ያሳያል። በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሲማር ገጸ ባሕርያቱን በተማሪዎች ጋዜጣ ላይ ሞከራቸው፤ ከዚያም ከባልደረቦቹ ጋር የአኒሜሽን ስቱዲዮ አቋቋመ፤ በ1991 ደግሞ ካርቱን ቡክስ የተባለውን የራሱን ድርጅት መሥርቶ «ቦን» የተሰኘውን ጥቁርና ነጭ ኮሚክ ማሳተም ጀመረ። ሚስቱ ቪጃያ አይየር ሥራዋን ትታ የድርጅቱን አስተዳደር ያዘች፤ በእኔ አስተያየት ከሥዕሉ ችሎታ ባልተናነሰ ድርጅቱን በእግሩ ያቆመው ይህ ውሳኔ ነው፤ ምክንያቱም ትእዛዝ የሚቀበል፣ ከማተሚያ ቤት ጋር የሚደራደርና ገንዘብ የሚሰበስብ ሰው በሌለበት ሠዓሊው ብሩሹን የሚይዝበት ጊዜ አያገኝም። የቀደሙት ክፍሎች በመጽሐፍ መልክ እየተጠረዙ ከገበያ እንዳይጠፉ መደረጋቸውም ዘግይቶ የመጣ አንባቢ ታሪኩን ከመጀመሪያው እንዲጀምር አስችሎታል።

ታሪኩ በ55 ክፍሎች በ2004 ተጠናቆ ከ1,300 ገጽ በላይ በሆነ አንድ ጥራዝ ወጣ። ስኮላስቲክ የተባለው ትልቅ የልጆች መጻሕፍት አሳታሚ ከ2005 ጀምሮ ባለቀለሙን እትም ሲያወጣ፣ የጥቁርና ነጩ ጥራዝ አሳታሚ ግን የስሚዝ የራሱ ድርጅት ሆኖ ቀጠለ።