በዚያው ቀን ነገሩ ተገለበጠ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እንኳን ለግሸን ደብረ ከርቤ የእመቤታችን በዓል በሰላም አደረሳችሁ። አምባሰል ወጥታችሁ፣ ዳገቱን በእግራችሁ ጨርሳችሁ፣ በቁር አድራችሁ የተመለሳችሁ ሁሉ ድካማችሁን ቆጥራ ታማልዳችሁ። በሕመምም ሆነ በመንገድ ምክንያት መውጣት ላልቻላችሁ በያላችሁበት በረከቷ ይድረሳችሁ።

ይህን የምጽፈው ግን በበዓሉ ደስታ ብቻ ተነሣሥቼ አይደለም። ከዋዜማው ጀምሮ በየስልካችን ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ መልእክት አለ። በመስከረም 21 የተፈጸሙ ታሪኮችን ይደረድርና እነዚህ ሁሉ በአንድ ቀን መዋላቸው ድብቅ ምሥጢር እንዳለው ይናገራል። ከዚያ «ለ21 ሰው የላከ እስከ 21 ቀን የለመነው ይደረግለታል፤ ችላ ያለ ግን በቤቱ የሚሆነውን ያያል» ብሎ በማስፈራሪያ ይጨርሳል። ለእኔም ደርሶኛል። ከላኩልኝ መካከል የሰንበት ተማሪዎች አሉ፣ የጽዋ ማኅበር እናቶች አሉ፤ የሚያሳዝነው አንድ ዲያቆንም አለበት።

እስኪ በመጀመሪያ ስለ ቀኑ በቀጥታ እንነጋገር። ዓመት 365 ቀን ነው፤ በዘመነ ዮሐንስ መግቢያ ጳጉሜን ስድስት ስትሆን አንድ ትጨምራለች። የሰው ልጅ የብዙ ሺህ ዓመት ታሪክ የሚሰፍረው በእነዚህ ጥቂት ቀኖች ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ቀን ብዙ ታሪክ ቢሸከም ምን ይደንቃል? በ1942 ዓ.ም. ማኦ ዜዱንግ የቻይናን ሕዝባዊ ሪፐብሊክ በቤጂንግ ያወጀው በመስከረም 21 ነው። በ1953 ዓ.ም. ናይጄሪያ ከእንግሊዝ አገዛዝ ነጻ የወጣችውም በመስከረም 21 ነው። የመልእክቱ ጸሐፊ ይህን ቢያውቅ ኖሮ ማኦንም በዝርዝሩ ያስገባው ነበር ይሆን? ደግሞ ሌላ አለ። በ1928 ዓ.ም. ሙሶሊኒ ከሮማው ፓላዞ ቬኔዚያ ሰገነት ላይ ቆሞ በኢትዮጵያ ላይ መዝመቱን ለሕዝቡ የለፈፈው በዚሁ በመስከረም 21 ምሽት ነበር። በማግስቱ ሠራዊቱ መረብን ተሻገረ። አባቶቻችንና እናቶቻችን ግሸን ላይ መስቀል ሲሳለሙ በዋሉበት ቀን የመርዙ ጦርነት ታወጀብን። ቀኑ ክታብ ቢሆን ኖሮ ይህ ባልሆነ።

ይህን ስል በዓላትን ለማቃለል የሚፈልጉ ሰዎች «ቅዱስ ጳውሎስስ ቀንንና ወርን ትጠብቃላችሁ ብሎ ገላትያን ወቅሶ የለ?» እንደሚሉ አውቃለሁ። ጳውሎስ የወቀሰው ከክርስቶስ ነጻነት ወደ ባርነት የሚመልሰውን የቀን ጥበቃ እንጂ የእግዚአብሔርን ሥራ ማሰብን አይደለም፤ እርሱ ራሱ ለበዓለ ኀምሳ ኢየሩሳሌም ለመድረስ ይቸኩል ነበር። የእኛ የቅብብሎሽ መልእክት ግን በትክክል ወቀሳው ውስጥ ይገባል። የሚያስፈራ ቀን፣ በቁጥር የሚታሰር በረከት፣ ሳይልኩ ቢቀሩ የሚወርድ መቅሠፍት፦ ይህ ባርነት ነው።

እኔ ስለ ቀን ሳስብ ሁልጊዜ የምመለስባት ቃል በመጽሐፈ አስቴር ያለችው ናት። የፋርስ ንጉሥ ባለሟል የነበረው ሐማ አይሁድን ሊያጠፋ በተነሣ ጊዜ መጀመሪያ ያደረገው ሰይፍ መሳል አልነበረም፤ ቀን መምረጥ ነበር። ከኒሳን ወር ጀምሮ በየዕለቱና በየወሩ ዕጣ አስጣለ። ዕጣው በአሥራ ሁለተኛው ወር በአዳር ላይ ወደቀለት፤ አሥራ ሦስተኛው ቀን ተቆረጠ፤ ደብዳቤው በንጉሡ ቀለበት ታትሞ ወደ አገሩ ሁሉ በፈጣን መልእክተኛ ተላከ። ቀኑ የሞት ቀን ሆኖ ተጻፈ። ከዚያ አስቴር ጾመች፣ ሕዝቡም ከእርሷ ጋር ጾመ፤ ወደ ንጉሡም ገባች። አሁን ልብ በሉ፤ እግዚአብሔር ያን ቀን ከዓመቱ ውስጥ አላወጣውም። ወደ ሌላ ቀንም አላሸሻቸውም። አዳር 13 ደረሰ፤ ጠላቶቻቸው ሊሠለጥኑባቸው ተስፋ ባደረጉበት በዚያው ቀን «ነገሩ ተገለበጠ» ይላል መጽሐፉ። ሐማ የመረጠውን ቀን እግዚአብሔር ወሰደበት። ቀጥሎም ያ ወር ከኀዘን ወደ ደስታ፣ ከልቅሶም ወደ መልካም ቀን እንደ ተለወጠላቸው ይናገራል።

በሀገራችንም ይህን የሚመስል ነገር አይተናል። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣልያን ሠራዊት አዲስ አበባ ገባ። ከአምስት ዓመት በኋላ ከተማይቱ ቀድማ ነጻ ብትወጣም፣ ንጉሠ ነገሥቱ ተመልሰው የገቡት በዚያችው ቀን፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ሆነ። ደሴም ከወራሪው እጅ የወጣችው በዚያው ሚያዝያ ነው። የሀገር ውርደት የተጻፈበት ቀን የድል በዓል ሆኖ እስከ ዛሬ ይከበራል።

እንግዲህ በዚህ ዓይን ወደ መስከረም 21 እንመለስ። ቤተ ክርስቲያን በዚህ ዕለት የምታስባቸውን ስንክሳርንም ትውፊትንም ገልጣችሁ ተመልከቱ።

በስንክሳር መስከረም 21 የሚነበበው የቅዱስ ቆጵርያኖስና የድንግል ዮስቴና ገድል ነው። ቆጵርያኖስ ማን ነበር? ጠንቋይ ነበር! አጋንንትን እየጠራ የሚልክ፣ በሥራዩ የሚመካ፣ ከእርሱ የሚበልጥ ጥበበኛ እንዳለ ለማየት አንጾኪያ ድረስ የመጣ ሰው። አንድ ጎልማሳ ዮስቴናን ወድዶ እንቢ ብትለው ወደ ቆጵርያኖስ መጣ። እርሱም እንደሚያመጣለት ተስፋ ሰጠውና አጋንንቱን አሰማራ። ሄዱ፤ በጸሎት ላይ አገኟት፤ መቅረብ አቅቷቸው ተመለሱ። ደጋግሞ ቢልክም ያው ሆነ። በመጨረሻ አንዱ ጋኔን ሊያታልለው በዮስቴና መልክ ተመስሎ መጣ። ቆጵርያኖስ በደስታ ተነሥቶ ስሟን ቢጠራ፣ ስሟ በተጠራበት ቅጽበት ጋኔኑ ጢስ ሆኖ ተበተነ። ሰውየው ያን ጊዜ አስተዋለ፦ ስሟን መስማት እንኳ ያልቻሉ፣ እርሷን ራሷን እንዴት ሊያሸንፉ? የጥንቆላ መጻሕፍቱን አቃጠለ፤ ተጠመቀ፤ በኋላም ለጵጵስና ደረሰ፤ ከዮስቴና ጋር አንገቱን ለሰይፍ ሰጠ።

ወገኖቼ፣ የዚህ ሰው መታሰቢያ በሚውልበት ቀን ነው እኛ ቁጥር ቆጥረን «ለ21 ሰው ላክ» የምንባባለው! እርሱ መጻሕፍቱን ባቃጠለበት በዓል እኛ አዲስ እንጽፋለን። ሥራዩ ከብራና ወደ ስልክ ስለ ተዛወረ፣ የእመቤታችንም ሥዕል ስለ ተለጠፈበት ብቻ ጸሎት የሆነ ይመስለናል። አይሆንም። ዮስቴና የጸለየችው ለማንም ሳትልክ፣ በቤቷ ተዘግታ ነው፤ ጋኔኑን ያስጨነቀውም ያ ጸሎት ነው።

ሁለተኛው መታሰቢያ የኒቅያ ጉባኤ ነው። ሠለስቱ ምዕት፣ 318ቱ ሊቃውንት፣ ወልድን ፍጡር ነው ያለውን አርዮስን ሊረቱ የተሰበሰቡበትን ቤተ ክርስቲያናችን መስከረም 21 ታስባለች፤ ሃይማኖትን ወስነው የፈጸሙበትን ደግሞ ኅዳር 9። የታሪክ ጸሐፊዎች ጉባኤው በፈረንጆች አቆጣጠር በ325 ዓ.ም. ግንቦትና ሰኔ አካባቢ እንደ ተጀመረ ይጽፋሉ። ይህን ሰምቶ የሚደነግጥ ካለ አይደንግጥ፤ ቤተ ክርስቲያን ዕለትን ለመታሰቢያ የምትመድበው ሰዓት ለመመዝገብ አይደለም። እኔን የሚገርመኝ ወደ ጉባኤው የገቡት ሰዎች ሁኔታ ነው። አባ በፍኑትዮስ በስደቱ ዘመን አንድ ዓይናቸው ወጥቶ ነበር። የኒዮቄሳርያው ጳውሎስ እጆቻቸው በጋለ ብረት ተቃጥለው ሽባ ሆነዋል። ንጉሡ ቆስጠንጢኖስ በፍኑትዮስን ወደ ቤተ መንግሥቱ እየጠራ ያን የጠፋ ዓይን ቦታ ይስመው እንደ ነበር ተጽፏል። በነገሥታት ትእዛዝ የወጣውን ዓይን ንጉሥ ሳመው። እዚህም ነገሩ ተገለበጠ።

ሦስተኛው የራሳችን ነው፤ ከሁሉ አስበልጬ የምወደውና ከሁሉ አብልጦ የሚያሳፍረኝም ይህ ነው።

ትውፊቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዐፄ ዳዊት የጌታችንን ግማደ መስቀል ከእስክንድርያ ተቀበሉ፤ ግን መንገድ ላይ ስናር ሲደርሱ አረፉ። ልጃቸው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ «አንብር መስቀልየ በዲበ መስቀል» የሚል ቃል በራእይ ተነገራቸው፤ መስቀሌን በመስቀል ላይ አኑር። መስቀለኛውን ስፍራ ሲፈልጉ ቆይተው በአምባሰል አገኙት። መስከረም 21 ቀን 1446 ዓ.ም. ግማደ መስቀሉ ወደ ግሸን ገባ።

ብዙ ጊዜ የማይሰበከው ደግሞ ይህ ነው። ግሸን ያን ጊዜ የነገሥታት ልጆች እስር ቤት ነበር። ወንድም በወንድሙ ዙፋን ላይ እንዳይነሣ ተብሎ የንጉሥ ዘር ሁሉ ገደል በከበበው በዚያ አምባ ይጠበቅ ነበር። ዘርዐ ያዕቆብ ራሳቸው እስከ ነገሡበት ጊዜ ድረስ እዚያ ታስረው የኖሩ ናቸው። እስቲ አስቡት። መስቀሉን ይዘው የመጡት ወደማያውቁት ተራራ አልነበረም፤ ወጣትነታቸው ወዳለቀበት፣ በሩን ከውስጥ ሆነው ወዳዩት ቦታ ነው። እስረኛው መስቀል ተሸክሞ ወደ እስር ቤቱ ተመለሰ። ከዚህ የበለጠ መገልበጥ ምን አለ?

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስታችን ሙሉ ነበር። አላለቀም። መስቀሉ ከገባ በኋላም እስር ቤቱ አልተዘጋም። ከ40 ዓመት ያህል በኋላ ዐፄ ናዖድ ለዘውድ የተጠሩት ከዚያው አምባ ነው። በ1510ዎቹ ወደ ሀገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ የንጉሥ ልጆች በተራራ ላይ እየተጠበቁ እንደሚኖሩ ጽፏል። ይህ እስከ ኢማም አሕመድ ጦርነት ድረስ ቀጠለ። በአንድ አምባ ላይ መስቀሉም ነበር፤ ወንድሙን የፈራ ወንድም ያሰረው ሰውም ነበር። ቅዳሴውም ይሰማ ነበር፤ ዘበኛውም በሩ ላይ ይቆም ነበር።

የጥንቶቹን ለመውቀስ አይደለም ይህን ያነሣሁት። ዘንድሮ ግሸን ወጥቶ፣ መስቀሉን ስሞ፣ እምነት ተቀብቶ፣ ጠበል ቀድቶ የተመለሰ፣ ከእናቱ ልጅ ጋር ግን በአንድ ጥማድ መሬት ድንበር ምክንያት እስከ ዛሬ የማይነጋገር ሰው በመካከላችን የለም? ስንት ዓመት ስሙን ሳይጠራ የኖረ? ወንድምህን በልብህ አምባ አስረህ፣ በሩን አንተ እየጠበቅህ፣ እንደገና ለመስከረም 21 ስንቅ ትቋጥራለህ። በመንገድ ላይ ውኃ ያቀበለህ፣ ቤቱን ለማደሪያ የለቀቀልህ ሙስሊም ጎረቤት ነበር፤ ወደ ቤትህ ገብተህ ስልክህን ስትከፍት በእርሱ ላይ የተጻፈውን ስድብ ለሌላ ታስተላልፋለህ። «እግዚአብሔርን እወዳለሁ እያለ ወንድሙን የሚጠላ ማንም ቢኖር ሐሰተኛ ነው» ያለው ሐዋርያው ዮሐንስ ነው፤ እኔ አይደለሁም። ደግሞ ወሎ የዕርቅ መንገድ የጠፋው ሀገር አይደለም። ደም የሚያደርቁ አባጋሮች፣ ክርስቲያንና ሙስሊም ሳይሉ የሚሸመግሉ ሽማግሌዎች ያሉን ሕዝብ ነን። ማስታረቁ ሞልቶ መታረቁ ጎደለብን።

መልእክት ለ21 ሰው ከመላክ ይልቅ ላኮረፋችሁት ለአንዱ ሰው ደውሉ። ይህ ከባድ ነው፤ ስለ ከበደም ነው ሌላውን የመረጥነው።

አሁን ከተግሣጹ ወጥቼ ለሌሎች ልናገር። ከበዓሉ በኋላ አንዲት እናት ጠይቀውኛል። ልጃቸው በ2014ቱ ጦርነት የሞተው በመስከረም 21 ነው። ያ መልእክት ሲደርሳቸው ማስፈራሪያውን አንብበው «እመቤታችን ምን ብበድላት ነው በዕለቷ የቀጣችኝ?» ብለው ሲያለቅሱ አድረዋል። ዓመት መጥቶ ቀኑ ሲቃረብ ሰውነታቸው ይንቀጠቀጣል፤ ዘንድሮ ቤተ ክርስቲያንም አልሄዱም። ይህን የሰማሁ ጊዜ መልእክቱን የጻፈው ሰው ባጠገቤ ቢኖር ብዬ ተመኘሁ። እንዲህ ዓይነት ቀን ያለባቸው ቤቶች በወሎ ጥቂት አይደሉም።

እናቴ፣ እመቤታችን በዕለቷ ሰው አትቀጣም። እርሷም ቀን ያላት እናት ናት፤ ልጇ በመስቀል ላይ ሲሞት ቆማ ያየችበት ዓርብ አላት። አዳም የወደቀበት ዓርብ ነው ይላሉ አባቶቻችን፤ ጌታ አዳምን ለማዳን ሌላ ቀን መርጦ ከዓርብ አልሸሸም፣ በዓርብ ተሰቀለ እንጂ። እርስዎም ከቀንዎ አይሽሹ። በዚያ ቀን ይምጡ። የልጅዎን ክርስትና ስም ለካህኑ ይንገሩ፤ በቅዳሴው ይታሰብ፤ ጸሎተ ፍትሐቱ ይደረግለት። አቅም ካለ ዝክር ያዘጋጁ፤ ከሌለም ቆሎና ጠላ ይበቃል፤ እኛ እንመጣለን። ማልቀስ ቢመጣ ያልቅሱ፤ በበዓል አይለቀስም የሚልዎትን አይስሙት። ያን መልእክት ግን ከስልክዎ ያጥፉት፤ ማጥፋቱን ካላወቁበት የሰፈሩን ልጆች ያዝዙ። ሳይልኩት በመቅረትዎም ምንም አይደርስብዎትም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር።