እናቱ የሞተችበትና እናቱ ገበያ የሄደችበት እኩል ያለቅሳሉ

ይቺን አባባል የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ያለ አይመስለኝም። አንዳንዱ «ገበያ የሄደችበት» ይላል። አንዳንዱ «ወንዝ የወረደችበት» ይላል። ነገሩ ያው ነው። ሁለት ልጆች አሉ። ሁለቱም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያለቅሳሉ። የአንዱ እናት ማታ ትመለሳለች። የሌላው አትመለስም።

ዛሬ አባባሉን በብዛት የምንሰማው ለቅሶ ቤት አይደለም። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው እያወራ፣ «እኔም እኮ መኪናዬ ተጭሮብኝ» ብሎ የሚያቋርጠው ሲመጣ ይተረታል። የቤት ኪራይ የጨመሩባት ሴትና ሦስተኛ ፎቁን መጨረስ ያቃተው ሰውዬ እኩል ስለ ኑሮ ውድነት ሲያማርሩ ይተረታል። የፖለቲካ ሰዎችም ይወዱታል። ባጭሩ ለወቀሳ ነው የምንጠቀምበት። «ያንተ ችግር ከሷ ችግር ጋር አይወዳደርም፣ ለቅሶህን ቀንስ» ለማለት።

ትርጉሙ ይሄው ነው፤ ልክም ነው። እናቴን ከቀበርኩ ወዲህ ግን አባባሉ ሌላም ነገር ይለኛል። እሱን ነው ዛሬ ላወራችሁ የፈለግኩት።

መጀመሪያ ከየት እንደመጣ እንየው። ሥዕሉ የገበያ ቀን ነው። በገጠር ገበያ በየቀኑ የለም፤ ሳምንቱን ጠብቆ ይቆማል። ባቲ ሰኞ ነው፣ ሰንበቴ እሁድ። «ቅዳሜ ገበያ»፣ «ሐሙስ ገበያ» እየተባሉ በቀናቸው የሚጠሩ ቦታዎችም አሉ። እናት ጎህ ሳይቀድ ትነሳለች። እህሏን አዝላ፣ ዶሮዋን ታቅፋ ትወጣለች። መንገዱ የሁለትና የሦስት ሰዓት የእግር ጉዞ ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ ሸክም አለ፣ ፀሐይ አለ። ልጅ ይዞ መሄድ አይሆንም። ስለዚህ ልጁ አያቱ ጋ ወይም ጎረቤት ይቀራል። ቀሚሷን ጨምድዶ ይይዛል። ጣቶቹን አንድ በአንድ አስለቅቀው ነው የሚያስቀሩት።

እኔም እንደዚያ አልቅሻለሁ። ያደግኩት ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው፣ እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ትሄዳለች። ሳላያት ለመውጣት ጫማዋን በእጇ ይዛ ትራመዳለች። እኔ ግን የበሩን ሲጥጥታ አውቀዋለሁ። አጥር ሥር ቆሜ ድምፄ እስኪዘጋ አለቅሳለሁ። ማታ ዘንቢሏን ተሸክማ ስትመጣ የሸንኮራው ጫፍ ከላይ ወጥቶ ይታያል። ያንን ሳይ ያለቀስኩትን ሁሉ እረሳለሁ።

ለዚህ ነው በገበያው ልጅ ላይ ሲያሾፉ ደስ የማይለኝ። ያ ልጅ እያስመሰለ አይደለም። ማታ የሚባል ነገር መኖሩን ገና አያውቅም። እሱ የሚያየው የእናቱን ጀርባ ብቻ ነው። እንግሊዛዊው የአእምሮ ሐኪም ጆን ቦውልቢ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከእናታቸው የተለዩ ሕፃናትን ለቅሶ ከአዋቂ ሐዘን ጋር አያይዞ ጽፏል። ሁለቱም ከአንድ ቦታ እንደሚነሱ ነው ያሳየው። ሕፃኑ ይጮኻል፣ ይፈልጋል፣ በር በሩን ያያል። አዋቂውም እንደዚያው ነው። የኛ አባባል «እኩል» ያለው ይሄንኑ ነው።

አባባሉ ያልተናገረው ግማሽ ግን አለ። ማታ።

በኛ ሀገር ሐዘን ላይ እኩል ማልቀስ ትልቅ መድኃኒት ነው። በሰሜኑ በኩል፣ ጎጃም፣ ጎንደር፣ ወሎ፣ ሙሾ የምታወርድ አልቃሽ አለች። በሟቹ ትጀምራለች። የፈረስ ጉብዝናውን፣ የእጁን ቸርነት ታነሳለች። ከዚያ ፊቷን ወደ አንዷ ሴት ታዞራለች፤ አምና ወንድሟን የቀበረችውን። ከዚያ ልጇ ዓረብ አገር ሄዳ የጠፋችባትን ትነካታለች። ትንሽ ቆይቶ ድንኳኑ ሙሉ ያለቅሳል። «ሁሉም የየራሱን ነው የሚያለቅሰው» ይባላል። አንዳንድ ሰው ይሄንን እንደ ነውር ያወራዋል፤ «ለሟች መስሎሽ ነው? የራሷን እኮ ነው!» እያለ። እኔ ነውር አይመስለኝም። ሐዘንተኛዋ በዚያ ሰዓት የምትፈልገው ብቻዋን አለመጮኋን ነው። የጎረቤቷ እንባ ከየት እንደመነጨ አትመረምርም።

እድሩም ለዚሁ ነው የቆመው። ጡሩምባው ሲነፋ ሰው ሥራውን ይፈታል። ድንኳን ይተከላል፣ አግዳሚ ወንበር ይደረደራል፣ ብርጭቆው ተቆጥሮ ይወጣል። ከቀብር የቀረ ይቀጣል። ቅጣቱ ነገሩን የግዴታ ያደርገዋል የሚሉ አሉ። ያድርገው። የከፋው ሰው ፊት ለመቆም ሁላችንም እንፈራለን፤ ቅጣቱ ያን ፍርሃት ያሻግረናል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ አስቸኳይ ጊዜ ታውጆ መሰባሰብ ተከለከለ። ድንኳን የለም፣ ለቅሶ ደራሽ የለም። ያኔ ወላጁን የቀበረ ሰው ካለ ጠይቁት። ከሞቱ ይልቅ ያንን ባዶ ግቢ ነው የሚነግራችሁ።

እንግዲህ ድንኳኑ ብዙ ጊዜ የሚነቀለው ሰልስት ላይ ነው። በሦስተኛው ቀን። እስከዚያ ድረስ ሁሉም እኩል አልቅሷል። ነጠላውም ለሁሉም እኩል ተዘቅዝቋል። ድንኳኑ ሲነቀል ግን ሰው ወደ ቤቱ ይገባል። የነሱ እናት ከገበያ ተመልሳለች። በሯ ክፍት ነው፣ ወጡ ይሸታል። አንዷ ቤት ብቻ ማታ የማይመጣ ሰው ይጠበቃል።

እኔን የከበደኝ ቀኑ አልነበረም። 12 ሰዓት ነው፣ ጀምበር ስትጠልቅ። ካደግሁ በኋላ ገበያ የምሄደው እኔ ሆንኩ፣ የምትጠብቀው እሷ። ከሥራ ስወጣ ስልኬ ይጠራል። «የት ደረስሽ?» ነው። ሌላ ወሬ የላትም። ታክሲ ውስጥ ሰው እየሰማ «ደረስኩ እማ፣ ደረስኩ» ማለት አንዳንዴ ያሰለቸኝ ነበር። ከሞተች በኋላ በዚያች ሰዓት ስልኬን ጭኔ ላይ አድርጌ አየዋለሁ። የት እንደደረስኩ የሚጠይቅ የለም።

በነዚያ ሳምንታት ብዙ ነገር ተብያለሁ። «ዕድሜ ጠግባ ነው የሄደችው።» «አንቺስ ታድለሽ፣ አስታመሻታል።» «የሞተ ተጎዳ።» ይሄ የመጨረሻው እውነት አለው። በሕይወት ያለ ሰው ይበላል፣ ይስቃል፣ ቀኑ ይነጋለታል፤ የቀረበት ሟቹ ነው። ግን ሐዘንተኛው ራሱ፣ ጊዜው ሲደርስ የሚለው ቃል ነው። ሌላ ሰው በሁለተኛው ሳምንት ሲለው «አሁንስ አበዛሽው» ይመስላል። አያቶቻችን ያወረሱን ቃል ይሻላል። «ጥናቱን ይስጥሽ»፣ «ነፍስ ይማር»፣ «የመጨረሻ ያድርገው»። አስተውላችሁ ከሆነ ሁሉም ምርቃትና ጸሎት ናቸው። ሐዘንተኛውን ምንም አይጠይቁትም። አሜን ካለ በቂ ነው። አሜን ባይልም ይታለፋል። ምን እንበል ብላችሁ ከተጨነቃችሁ ከነዚህ አንዱን በሉና ቁጭ በሉ።

ጎረቤታችን አንዲት እናት ናቸው። ከአርባዋ በኋላ አንድ ቀን፣ 12 ሰዓት ሊሞላ ሲል በሬን አንኳኩ። ሰፌድ ላይ ምስር ይዘዋል። «መብራት ጠፍቶብኝ ነው ልጄ፣ አንቺ ጋ ልልቀመው» አሉኝ። በመስኮት ሳይ የሳቸው ቤት መብራት ቦግ ብሎ በርቷል። ምንም አላልኩም። ተቀመጡና ጠጠሩን ወደ ዳር፣ ምስሩን ወደ መሃል ይገፉ ጀመር። ብዙ ቆዩ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «እናትሽ ምስር ስትለቅም ትቸኩል ነበር። ወጧ ውስጥ ጠጠር አይጠፋም» አሉ። ሳቅኩ። ሳቄ ሳያልቅ ለቅሶ ሆነ። እሳቸው ቀና አላሉም። መልቀማቸውን ቀጠሉ።

በማግስቱም መጡ። ሽንኩርት ይዘው።

ከዚያ በኋላ ነው የተዝካሩ ቀን አቆጣጠር የገባኝ። ሰልስት፣ ሰባት፣ አሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት። የፍትሐቱና የጸሎቱ ነገር እንዳለ ሆኖ፣ ይህ ለቀሪው ሰውም የተሠራ ይመስለኛል። መጀመሪያ ጠበቅ፣ ከዚያ ሰፋ፣ ከዚያ በጣም ሰፋ እያለ ሰው ተመልሶ እንዲመጣ ቀን የተቆረጠለት። ሙስሊሞች ዘንድ ተዕዚያው፣ ማለትም ለቅሶ መድረሱ፣ ሦስት ቀን ነው፤ ባሏ የሞተባት ሴት ደግሞ ዒዳዋ፣ ማለትም ሳታገባ የምትቆይበት የሐዘን ጊዜ፣ አራት ወር ከአሥር ቀን ነው። ያ ጊዜ የሷ ነው፤ ማንም ቶሎ በይ አይላትም።

የሚገርመው የሐኪሞቹም ቁጥር እዚያው አካባቢ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ «የተራዘመ ሐዘን» አለ። ቢያንስ ስድስት ወር አልፎ፣ ከማኅበረሰቡ ልማድ በላይ ሐዘኑ ሰውየውን ጨምድዶ ይዞ ኑሮውን ካስቆመው ነው እንደዚያ የሚባለው። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ደግሞ ለአዋቂ አንድ ዓመት ይላሉ። መንፈቅና ሙት ዓመት ማለት ነው። ስለዚህ መንፈቅ ላይ ስትሄዱ ቆሎ ቆርጥማችሁ ብቻ አትመለሱ። ይበላል ወይ? ይተኛል ወይ? ሥራ ገብቷል ወይ? መኖር አልፈልግም ይላል ወይ? እዩት። እንደዚያ ከሆነ ጸበሉም ጸሎቱም ሳይቀር፣ እጁን ይዞ ሐኪም ጋ የሚወስደው ሰው ያስፈልገዋል። የመጨረሻዋን ቃል ከሰማችሁ ግን መንፈቅም አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ውሰዱት።

ውጭ ያለው ወገናችን ማታው ዘግይቶ ነው የሚመጣበት። መርዶ በስልክ ማርዳት ነውር ነው። ስለዚህ ወዳጆቹ ተደዋውለው፣ ቅዳሜ ወይም እሁድ በማለዳ ተሰብስበው በሩን ያንኳኳሉ። ዋሽንግተንም፣ ፍራንክፈርትም እንደዚያ ነው። ሰውየው በዚያ ሰዓት እነዚያን ሁሉ ፊቶች በር ላይ ሲያይ ሳይነግሩት ይገባዋል። ግን እናቱን ላለፉት አሥር ዓመታት አላያትም። ለሱ ገበያ ነበረች። አሁንም ገበያ ያለች ይመስለዋል። ስልኩ ብቻ አይነሳም። ከዓመታት በኋላ አገር ቤት ገብቶ ግቢውን ከፍቶ ሲገባ፣ ያኔ ነው የሚወድቀው። ዘመድ «ይሄን ያህል ቆይቶ?» ይላል። ለሱ ገና ዛሬ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ እሱ ስለሆነ ነው። አባባሉ የልጆች ነው፣ እኛ ግን በለቅሶ ላይ የምንረሳው ልጆቹን ነው። ጎረቤት ይወሰዳሉ። ከረሜላ ይገዛላቸዋል። «እማዬስ?» ሲሉ «ገበያ ሄዳለች» ይባላሉ። «ዓረብ አገር ሄዳለች» ይባላሉ። አዝነንላቸው ነው፣ አውቃለሁ። ግን ምን እንዳደረግን እዩ። እናቱ የሞተችበትን ልጅ እናቱ ገበያ የሄደችበት ልጅ አደረግነው። ማታ ማታ በር ላይ እንዲቆም ፈረድንበት። ትንሽ ልጅ፣ በተለይ ከአምስት ዓመት በታች ያለ፣ ሞት የማይመለሱበት መሆኑ በአንድ ጊዜ አይገባውም። ለዚያ ነው ግልጽ ቃል የሚያስፈልገው። «ሞታለች። አትመለስም። ያንተ ጥፋት አይደለም።» ደግሞ ነገ ሲጠይቅም ያንኑ መመለስ። መቶ ጊዜም ቢሆን።

ሰፈራችን ውስጥ አንድ የአምስት ዓመት ልጅ ነበር። እናቱ ከሞተች ከወር በላይ «ውጭ ሄዳለች» እየተባለ ቆየ። ማታ ማታ የግቢውን በር ተደግፎ ይቆማል። ታክሲ ሲቆም ይሮጣል። አንድ ቀን አያቱ አልቻሉም። አቀፉትና ነገሩት። እኔ እዚያው ነበርኩ። እንደፈራነው አልጮኸም። የአያቱን የነጠላ ጥለት እየጠቀለለ ዝም አለ። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ ቀና ብሎ «ማታ ማን ነው የሚያስተኛኝ?» አላቸው።

«እኔ» አሉት። «እኔ ነኝ፣ የኔ ጌታ።»