ዲኦክሲዴሽን ምንድን ነው? ለማይዝግ ብረትስ ምን ይለውጣል?

304 ከተባለው የማይዝግ ብረት (ስቴንለስ ስቲል) ዓይነት የተሠሩ ሁለት ላሜራዎች የክሮሚየምና የኒኬል መጠናቸው እኩል ሊሆን ይችላል። ሲወለወሉ ግን አንዱ እንደ መስታወት ይጠራል፣ ሌላው ጭረት ጭረት ይላል። ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ያለው ብረቱ ሲቀልጥ ኦክስጅኑ በወጣበት መንገድ ላይ ነው።

ኦክስጅኑ የሚገባው ሆን ተብሎ ነው። ካርቦንን አቃጥሎ ለማስወጣት ከአርጎን ጋር ቅልጡ ውስጥ ይነፋል። ችግሩ ክሮሚየሙም በከፊል ይቃጠልና ስላግ ውስጥ፣ ማለትም ከላይ በሚንሳፈፈው ንብርብር ውስጥ ይገባል። ቅልጡ ውስጥም የሟሟ ኦክስጅን ይቀራል። ስለዚህ ኦክስጅንን ከክሮሚየም አብልጦ የሚስብ ነገር ይጨመራል፤ ሲሊከን ወይም አሉሚኒየም። ዲኦክሲዴሽን ይኸው ነው። የተቃጠለውም ክሮሚየም አብዛኛው ወደ ብረቱ ይመለሳል። ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም ከሌለው የማይዝግ ስለማይባል ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ኦክስጅኑ ካልወጣ፣ ጠጣር ብረት ሊይዘው ስለማይችል ሲረጋ ቀዳዳ ወይም ብዙ የኦክሳይድ ቅንጣት ይፈጥራል።

እዚህ ላይ ነው ዋናው ነገር። አዲስ የተፈጠረው ኦክሳይድ ሁሉ ተንሳፍፎ አይወጣም። በዓይን የማይታይ ቅንጣት ሆኖ ውስጥ የሚቀር አለ። በእኔ እምነት፣ ስንት ኦክስጅን ቀረ ከሚለው እኩል፣ ምን ዓይነት ቅንጣት ቀረ የሚለው መጠየቅ አለበት።

አሉሚኒየም ኃይለኛ ነው፤ ኦክስጅኑን በጣም ዝቅ ያደርጋል፣ ሰልፈርንም ለማውጣት ይረዳል። የሚተወው አሉሚና (የአሉሚኒየም ኦክሳይድ) ግን ከ2000 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ካልሆነ አይቀልጥም፤ ብረት መሞረጃ ወረቀት ላይ የሚለጠፈው ሻካራ ዱቄትም ብዙ ጊዜ እሱው ነው። እየተጠራቀመ የማፍሰሻውን ቀዳዳ ይደፍናል። ብረቱ ሲዳመጥ አሉሚናው አይለጠጥም፤ ተሰባብሮ በመስመር ይደረደራል። የውልወላው ጭረት ከዚያ ይመጣል። ቀጭን ሽቦ ሲሳብ የሚበጠሰው፣ ስፕሪንግም በተደጋጋሚ ጫና ስንጥቅ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ እንዲህ ካለ ቅንጣት ነው።

ሲሊከን ትንሽ ከፍ ያለ ኦክስጅን ይተዋል። ስላጉ በደንብ ከተመጠነ ግን ቅንጣቱ እንደ ብርጭቆ ዓይነት ይሆናል፤ በዳመጣው ሙቀት ይለሰልስና ስስ ሆኖ ይሳባል። ለሚያብረቀርቅ ላሜራና ለቀጭን ሽቦ ሲሊከን የሚመረጠው ለዚህ ነው። ኦክስጅኑ ያነሰው ብረት ሁልጊዜ የተሻለው አይደለም ማለት ነው።

ካልሲየም ሲጨመር ጠጣሩን አሉሚና ወደ ፈሳሽ ኦክሳይድ ይለውጠዋል። ቶርኖ ላይም ለስላሳው ኦክሳይድ መቁረጫውን ከመበላት ይጠብቃል። ከልክ ካለፈ ግን ካልሲየም ሰልፋይድ፣ ማለትም የካልሲየምና የሰልፈር ውህድ፣ ይፈጠራል። እሱ ደግሞ በውሃ ይሟሟል፤ በለቀቀው ቦታ ላይ ክሮሚየም የሠራው ስስ መከላከያ ሽፋን ይቋረጥና ብረቱ እየተቦረቦረ መዛግ ይጀምራል።