ከመሃል አዲስ አበባ ወደ ክፍለ ሀገር፦ የአውሮፕላን፣ የአውቶቡስና የባቡር ጉዞ ዋጋና ምቾት

መስቀል አደባባይ ላይ ቆሞ ዙሪያውን ለቃኘ ሰው፣ ከአዲስ አበባ የሚወጣባቸው መንገዶች ሁሉ ቅርብ ይመስላሉ። የቦሌ መንገድ ከአደባባዩ ተነሥቶ ጥቂት ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ አየር ማረፊያው ደጅ ላይ ያበቃል። ከስታዲየም አለፍ ሲባል ለገሃር አለ፤ የድሮው ባቡር ጣቢያ። አደባባዩ ራሱ ደግሞ ሰላም ባስና መሰሎቹ ሀገር አቋራጭ አውቶቡሶች ጎሕ ሳይቀድ መንገደኛ ሲጭኑበት የኖረ ቦታ ነው። የአውሮፕላንና የአውቶቡስ ቲኬት ጎን ለጎን ሲቀመጥ ልዩነቱ ሰፊ ነው። ታክሲው፣ ምሳው፣ አዳሩ፣ ከሥራ የቀረው ቀንና የሻንጣው ኪሎ ሲደመሩበት ግን ልዩነቱ አንዳንዴ ይጠባል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይገለበጣል።

ርካሽ አየር መንገድ የሌለበት ሰማይ

በሌላው ዓለም ርካሽ አየር መንገድ የሚባለው፣ በፈረንጆቹ 1971 በረራ የጀመረው የአሜሪካው ሳውዝዌስት የጀመረውና የአየርላንዱ ራያንኤር እስከ ጥግ የወሰደው አሠራር ነው። አውሮፕላኑ አንድ ዓይነት ነው፤ መሬት ላይ ከግማሽ ሰዓት ያነሰ ቆሞ ይነሣል፤ ቀኑን ሙሉም ይመላለሳል። በራያንኤር ዘይቤ ቲኬቱ መቀመጫ ብቻ ይገዛል። ሻንጣው፣ ውሃው፣ መስኮት አጠገብ መቀመጡ ሁሉ ለየብቻው ይከፈልበታል። ከትልቁ ከተማ ራቅ ብሎ የሚገኝ፣ ክፍያው የቀነሰ ትንሽ አየር ማረፊያ መጠቀምም የዘዴው አካል ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ክፍለ ሀገር በሚደረገው በረራ እንዲህ ያለ ኩባንያ የለም። አዲስ አበባ ያላት የመንገደኛ አየር ማረፊያ አንድ ቦሌ ነው፤ ክፍያው የረከሰ ሌላ ሜዳ በአጠገቧ የለም። የክፍለ ሀገር አየር ማረፊያዎች ብዙዎቹ ለረጅም ጊዜ የሌሊት ማኮብኮቢያ መብራት ስላልነበራቸው አውሮፕላን የሚመላለሰው ፀሐይ እስካለች ድረስ ነበር። ይህ ደግሞ አውሮፕላን ሳያሳርፉ ማሠራትን የሚጠይቀውን የርካሽ በረራ ስሌት ከሥሩ ያፈርሰዋል። በዚህ ላይ የግል ኩባንያዎች በሕግ በአነስተኛ አውሮፕላን፣ ከ50 በማይበልጥ መቀመጫ ተወስነው ኖረዋል። ስለዚህም ሥራቸው በአብዛኛው በኪራይ የሚደረግ በረራ ነው። መደበኛው የአገር ውስጥ መስመር በመንግሥት ይዞታ ሥር ባለው የኢትዮጵያ አየር መንገድ እጅ ነው።

አየር መንገዱ ሲጀምር ራሱ ምቾት አልነበረውም። በ1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ በዚያው ዓመት መጋቢት 30 በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው ከጦርነት በተረፉ ዳግላስ አውሮፕላኖች ነበር። መንገደኛው በግራና በቀኝ ግድግዳ በተዘረጋ የሸራ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፤ መሃሉ ላይ ዕቃው ታስሮ ይጫናል። የዛሬው ሚኒባስ ከዚህ ብዙ የራቀ አይመስለኝም።

የዛሬው በረራ

አሁን የአገር ውስጥ መስመሮችን በብዛት የሚሠራው ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ የገባው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 ነው። መንገደኛ የሚበዛባቸው መስመሮች ላይ ቦይንግ 737 ይመደባል። ኪው 400 ድምፁ ከጄት በላይ ነው፤ ከራስ በላይ ያለው የዕቃ ሣጥን ጠባብ ስለሆነም በእጅ የተያዘ ትልቅ ቦርሳ በሩ ላይ ይቀበሉታል። አንድ ጸጋ ግን አለው፤ መቀመጫው ሁለት በሁለት ስለሆነ በሁለት ሰው መሃል ተጨፍልቆ የሚጓዝ የለም። ሰማዩ ጥርት ባለበት በጥቅምት ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ ሰው መስኮት ካገኘ፣ አውቶቡስ አንድ ሁለት ሰዓት የሚታገልበትን የዓባይ ሸለቆ ጎረቤቱን ሰላም ብሎ ሳይጨርስ ያልፈዋል።

የቲኬቱን ዋጋ ከርቀቱ ይልቅ ቀኑ ይወስነዋል። ለኅዳር ጽዮን አክሱም፣ ለታኅሣሥ 19 ቁልቢ፣ ለገና ላሊበላ፣ ለጥምቀት ጎንደር የሚሄድ ሰው ቲኬቱን አስቀድሞ ካልያዘ ውድ ቦታ እንኳ ላያገኝ ይችላል። በእነዚያ ሰሞን ሚኒባሱም ከታሪፍ በላይ ያስከፍላል፤ ልዩነቱ አውሮፕላኑ በኮምፒውተር፣ ሚኒባሱ በደላላ አፍ መጨመሩ ነው። ከውጭ አገር በራሱ በኢትዮጵያ አየር መንገድ የገባ እንግዳ የአገር ውስጥ በረራ በቅናሽ ያገኛል፤ ይህን ሳያውቅ በሌላ አየር መንገድ መጥቶ ሙሉውን የሚከፍል ዲያስፖራ ጥቂት አይደለም። ሐምሌ 22, 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ፣ ከ57 ብር ብዙም ያልበለጠ የነበረው ዶላር ከ100 ብር ተሻግሯል። የአውሮፕላን መለዋወጫና ነዳጅ የሚገዛው በዶላር ስለሆነ የደመወዝተኛው ሰማይ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከፍ ብሏል።

ጊዜውስ? ባሕር ዳር በአየር አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ግን ከፒያሳ ወይም ከሜክሲኮ ተነሥቶ በራይድ ቦሌ መድረስ፣ መግቢያው ላይ ጫማና ቀበቶ አውልቆ መፈተሽ፣ ሁለት ሰዓት ቀድሞ መገኘት፣ ውስጥ ገብቶ እንደገና መፈተሽ፣ እዚያም ደርሶ ባጃጅ መያዝ አለ። ሁሉ ሲደመር አራት አምስት ሰዓት ይሆናል። አውቶቡሱ ወደ 560 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን መንገድ ከ9 እስከ 11 ሰዓት ይፈጅበታል። አውሮፕላኑ ያተረፈው ግማሽ ቀን ነው ማለት ነው፤ ለነጋዴ ብዙ ነው፣ ለጡረተኛ ግን ያን ያህል አይደለም።

ሐዋሳ ላይ ይኸው ስሌት ይገለበጣል። ርቀቱ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እስከ ሞጆ ባለው ፈጣን መንገድ፣ ከዚያም ወደ ባቱ በተዘረጋው አዲሱ መንገድ ታግዞ መኪናው አራት አምስት ሰዓት ውስጥ ይገባል። በረራው ከአንድ ሰዓት ቢያንስም የቦሌው ወግ አይቀንስም። በመንገድ የሄደ ሰው በዚያ ላይ ባቱ ቆሞ ዓሣ ይበላል። መቀሌና ጅግጅጋ ላይ ግን ክርክር የለም፤ መንገዱ ሙሉ ቀን፣ አንዳንዴም ሁለት ቀን ይበላልና አዳሩና ምግቡ ሲጨመር የአውቶቡሱ ርካሽነት ይሸረሸራል።

አውቶቡስና ሚኒባስ

አውቶቡስ ሲባል አንድ ዓይነት ነገር አይደለም። ከላይ የሰላም፣ የስካይ፣ የዘመን፣ የጎልደንና የመሰሎቻቸው ባሶች አሉ፤ ሁለት በሁለት የሆነ ወደ ኋላ የሚዘረጋ መቀመጫ፣ ቁጥር የተጻፈበት ቲኬት፣ መንገድ ላይ የሚታደል ውሃና ኬክ አላቸው። ከነሱ በታች ከመርካቶው አውቶቡስ ተራና ከላምበረት መናኸሪያ የሚነሡት የታሪፍ አውቶቡሶች ናቸው፤ በአንድ ጎን ሦስት፣ በሌላው ሁለት እያስቀመጡ ይሄዳሉ። የነሱን ዋጋ መንግሥት ይወስነዋል፤ ትርፍ መጫን ክልክል ነው፤ መተላለፊያው ላይ በርጩማ የሚዘረጋው ከኬላው ወዲያ ነው።

ከሁሉ በታች፣ ወይም በፍጥነት ከሆነ ከሁሉ በላይ፣ ሚኒባስ አለ። ከአውቶቡስ ይቀድማል፤ ሲመሽም አይቆምም። የተፈላጊ ወንበሩ ጋቢና ነው፤ የመጨረሻው ዕጣ ደግሞ ሞተር ላይ መቀመጥ ነው። አንድ ክረምት ከደሴ ስመለስ ያ ዕጣ ደርሶኝ ጣርማ በርን ያለፍነው በጉም ውስጥ ነበር፤ ጣሊያን የፈለፈለው ዋሻ ውስጥ ስንገባ ብቻ ነው ከፊታችን ያለው ነገር ለዐይን የታየን። ሹፌሩ ያንን ሁሉ መንገድ በአንድ እጁ ጫት፣ በሌላው መሪ ይዞ ነድቶታል። ርካሽ ነበር። ግን የቆጠብኩትን ብር በማግሥቱ ለወገቤ ማሻ ከፍዬዋለሁ።

የአውቶቡስ ምቾት በወንበሩ ብቻ አይለካም። ከክፍለ ሀገር የሚመለስ ሰው አንድ ኩንታል ጤፍ፣ አንድ ጀሪካን ማር፣ በላስቲክ የታሠረ ቅቤ ይዞ ይመጣል፤ ረዳቱ ጣራ ላይ ወይም በአውቶቡሱ ሆድ ውስጥ በጥቂት ብር ይጭንለታል። አውሮፕላን ይህን አያደርግም። የአዲስ አበባ ቤተሰብ ጓዳ ስንት ዕቃ በአውቶቡስ ጣራ እንደመጣለት ቢቆጠር፣ የአውቶቡስ ቲኬት ዋጋ ለመቀመጫ ብቻ እንዳልሆነ ይታወቃል። አሮጊት እናት ከሆኑ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ለእርሳቸው የዓባይ በረሃ ሙቀትና ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው ጠመዝማዛ ይከብዳል፤ ልጆች ተዋጥተው አውሮፕላን ይቆርጡላቸዋል፤ እርሳቸው ደግሞ «በከንቱ ብራችሁን» እያሉ ይሳፈራሉ።

ባቡር

የፈረንሳዩ የባቡር መስመር አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከጅቡቲ 784 ኪሎ ሜትር ተጉዞ የሚቆመው ከተማዋ መሃል፣ ለገሃር ላይ ነበር። ዛሬ የሌለው ትልቁ ምቾት ያ ነው። በመስከረም 25, 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መንገደኛውን የሚጭነው ከከተማዋ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ ለቡ ነው። በ2008 ዓ.ም. የጀመረው የከተማው ቀላል ባቡር በስታዲየምና በለገሃር ቢያልፍም ለቡ አይደርስም፤ ቦሌ አየር ማረፊያም አይደርስም። ስለዚህ የድሬዳዋ መንገደኛ ርካሹን ቲኬት ከያዘ በኋላ ጣቢያው ለመድረስ ብቻ ታክሲ መኮናተር ይኖርበታል።

ከተሳፈሩ በኋላ ግን ባቡሩ ደግ ነው። የመቀመጫና የአልጋ ክፍል አለው፤ ተነሥቶ መሄድ፣ እግር መዘርጋት፣ መጸዳጃ ቤት መግባት ይቻላል፤ ትርፍ ሻንጣም ብዙ አያስጨንቅም። በሰዓት እስከ 120 ኪሎ ሜትር መሄድ ይችላል ቢባልም፣ ከአዋሽ በኋላ ሐዲዱን የሚያቋርጡ ግመሎችና ከብቶች ያዘገዩታል። በየቀኑ በየሰዓቱ የሚገኝ አለመሆኑም ሌላ ዕዳ ነው፤ ለአስቸኳይ ጉዳይ የሚሆን አይደለም።

መንገዱ ሲዘጋ

ባለፉት ዓመታት ምርጫውን ከዋጋና ከምቾት በላይ የሚወስን ነገር መጥቷል። በጦርነቱ የተቋረጠው የመቀሌ በረራ ታኅሣሥ 19, 2015 ዓ.ም. ሲመለስ መጀመሪያ የተሳፈሩት ከዓመት በላይ ዘመድ ያላዩ ሰዎች ነበሩ፤ የቲኬት ዋጋ የጠየቀም ያለ አይመስለኝም። በአማራና በኦሮሚያ አንዳንድ መስመሮች ላይ ተኩስና የመንገደኞች እገታ ከተደጋገመ ወዲህ ደግሞ፣ አውቶቡስ ይሄድ የነበረ ሰው ተበድሮም ቢሆን ይበርራል። የማይችለው ቀጠሮውን ይሰርዛል። የአውሮፕላን ጉዞ ቅንጦት ነው የሚለው አነጋገር በእነዚህ ከተሞች እየሞተ ነው።

ወደ ውጭ፦ የኪሎ ጉዳይ

የርካሽ አየር መንገድ ዘይቤ ለአዲስ አበባ ሰው በእውን የታየው በዱባይ መስመር ነው። በፈረንጆቹ 2008 የተቋቋመው ፍላይዱባይ ቦሌ ያርፋል፤ አራት ሰዓት ገደማ ይበርራል። ትንሹ ዋጋው የእጅ ሻንጣ ብቻ የያዘ ነው፤ ትልቅ ሻንጣ ሲጨመር ዋጋው ይነሣል። ለነጋዴ ይህ የታወቀ ሒሳብ ነው፤ ሲሄድ ባዶ፣ ሲመለስ ሙሉ ስለሚሆን የመመለሻውን ኪሎ ብቻ ይገዛል።

ለሠራተኛ እኅት ወይም ለእናት ግን ነገሩ ይለያል። ሽሮው፣ በርበሬው፣ የተነጠረው ቅቤ፣ ድርቆሹ ካልተጫነ ጉዞው ጉዞ አይሆንም። ቦሌ ላይ ሚዛኑ አጠገብ ሻንጣ ወለሉ ላይ ተከፍቶ፣ በርበሬው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዘዋወር፣ ሦስት ኪሎ ትርፍ ሆኖ ለሸኚዎች ሊመለስ ሲል ሸኚው ውጭ መኪና ማቆሚያው ላይ ነው፤ ወደ ውስጥ አይገባም። ተሳፋሪዋ ጋቢዋን ከሻንጣው አውጥታ ትለብሳለች፤ በላዩ ላይ ጃኬቱን ትደርባለች፤ ቅቤውን ወደ ውጭ ይዞ ለሸኚው የሚያደርስ ሰው እስኪገኝ ሰልፉ ይጠብቃል።