በምሕዋር የተለካ መጠነ ቁስ ምንድን ነው?

ኮከብ ሚዛን ላይ አይወጣም። «ይህ ኮከብ የፀሐይን ግማሽ ያህላል» ሲባል ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ የመጣው ከሞዴል ነው፦ የኮከቡ ድምቀትና ሙቀት ይለካና በኮምፒውተር ከተሰላ ሠንጠረዥ ጋር ይመሳከራል። ለጎልማሳ ኮከቦች መንገዱ ደህና ነው። ወጣቶቹ ግን ገና እየተኮማተሩ ስለሆነ፣ መጠነ ቁሳቸው ሳይለወጥ ድምቀታቸው ይቀያየራል። ደብዘዝ ብሎ የታየው ኮከብ ቀላል ይሁን ወይስ ዕድሜው ገፋ ያለ፣ በብርሃኑ ብቻ መለየት ያስቸግራል።

ኮከቡ ጓደኛ ካለው ግን ሞዴል ሳይጠየቅ መመዘን ይቻላል። በስበት የተሳሰሩ ጥንድ ኮከቦች የጋራ ማዕከላቸውን ሲዞሩ፣ የዙሩን ፍጥነት የሚወስነው መጠነ ቁሳቸው ነው። ስሌቱ የኬፕለር ሦስተኛ ሕግ ነው፦ በመካከላቸው ያለው ርቀት ሦስት ጊዜ ተባዝቶ፣ ሁለት ጊዜ ለተባዛው የዙሩ ጊዜ ይካፈላል። በመካከላቸው ያለው አማካይ ርቀት ከመሬት እስከ ፀሐይ ካለው 10 እጥፍ ይሁን፤ አንድ ዙር ደግሞ 20 ዓመት ይፍጅ። 10×10×10 ለ20×20 ሲካፈል 2.5 ይሆናል። ሁለቱ ኮከቦች ተደምረው ሁለት ተኩል ፀሐይ ናቸው ማለት ነው።

ወረቀት ላይ ቀላል ነው። ታውረስ በሚባለው የኮከቦች ስብስብ ውስጥ ያለው የኮከቦች መወለጃ 450 የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል፤ እዚያ ያሉት እንዲህ ያሉ ጥንዶች ለእኛ የሚታዩት በአንድ ዲግሪ 50,000ኛ ክፍል ገደማ ተራርቀው ነው። ከእኛ ያላቸው ርቀት ላይ የ5% ስሕተት ቢገባ፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት ከዚያ ስለሚሰላና ሦስት ጊዜ ስለሚባዛ ውጤቱ በ15% ያህል ይዛባል። የኮከቦችን ርቀት የለካችው የጋያ የጠፈር መንኮራኩር ልኬቶች ለዚህ ሥራ ትልቅ እፎይታ የሆኑት ለዚህ ነው። አንድ ዙር እስኪሞላ ደግሞ አሥርት ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። ደግነቱ የምሕዋሩ ቁራጭ ብቻ ሲታይ በመካከላቸው ያለው ርቀትና የዙሩ ጊዜ ለየብቻ ቢዋዥቁም፣ ሁለቱ አብረው ስለሚጨምሩና ስለሚቀንሱ ድምር መጠነ ቁሱ ከሁለቱም ይልቅ ቀድሞ ሊረጋ ይችላል።

ድምሩን ለሁለት የሚያካፍለው ስፔክትረም፣ ማለትም በቀለማቱ የተዘረዘረው የኮከቡ ብርሃን ነው። አንዱ ኮከብ ወደ እኛ ሲመጣ የብርሃኑ መስመሮች ወደ ሰማያዊ፣ ሲርቅ ወደ ቀይ ይሸሻሉ። ቀላሉ ኮከብ ሰፊ ዙር ስላለው በፍጥነት ይሮጣል፤ የፍጥነታቸው ንጽጽር ሲገለበጥ የመጠነ ቁሳቸው ንጽጽር ይሆናል። ምሕዋሩ በጎን በኩል የሚታየን ሲሆንና ኮከቦቹ እየተፈራረቁ ሲጋረዱማ፣ የምሕዋሩ ዝንባሌም የኮከቦቹ ስፋትም አብሮ ይገኛል።

ኮከቦች በሚወለዱበት የጋዝና የአቧራ ደመና፣ በኦሪዮን ኔቡላ ያለው ፓሬናጎ 1802 እንዲህ ያለ ተጋራጅ ጥንድ ነው። ዕድሜው አንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው ጥናት ሁለቱም ኮከቦች የፀሐይን 0.41 ያህል መዝነዋል፤ ልዩነታቸው ከ2% አይበልጥም። ሆኖም አንዱ ከሌላው በ300 ዲግሪ ያህል ይሞቃል፤ ድምቀቱም በግማሽ ያህል ይበልጣል። አጥኚዎቹ አንዱ ከሌላው በመቶ ሺዎች ዓመታት ቀድሞ ተወልዶ ሊሆን እንደሚችል ገምተዋል። እኩያ ናቸው ብሎ ሠንጠረዡን የሚያይ ሰው ለእነዚህ መንትዮች ሁለት የተለያየ መጠነ ቁስ ይሰጣቸው ነበር።