ጥላሁንን መውደድና የጥላሁንን ወዳጆች ማስተናገድ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ደብረ ብርሃን ሆነው የጥላሁን ገሠሠ ወዳጆችን የቴሌግራም ቡድን ከሚያስተዳድሩት ሦስት ሰዎች አንዱ ነኝ። ሰው ይህን ሲሰማ «ዘፈን እየሰሙ መዋል ደግሞ ሥራ ሆኖ ነው?» ይለኛል። እኔ ግን ሥራው ከምንም በላይ የጽዋ ማኅበር ሙሴነትን፣ ማለትም መሪነትን፣ ይመስለኛል። ተራ ታስጠብቃለህ፣ የተኳረፈ ታስታርቃለህ፣ የቀረውን «ምን ሆነ?» ብለህ ትጠይቃለህ። ሰዎች ደጋግመው የሚሳሳቱባቸውን ነገሮች እንደመጡልኝ ላንሳቸው።

«እሱ ካረፈ ዘፈኑ የሕዝብ ነው»

ከሁሉ የበዛው ይሄኛው ነው። አንድ ወዳጃችን ሙሉ አልበም ይጭንና «ለወዳጆቹ በነፃ» ብሎ ይጽፍበታል። ቅን ሰው ነው፣ ክፋት የለውም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚለው ግን ሌላ ነው። የግጥሙና የዜማው ደራሲ መብት በሕይወት ዘመኑ ሁሉ፣ ካረፈ በኋላም ለ50 ዓመት ተጠብቆ ለወራሾቹ ይቆያል። ድምፃዊውና የድምፅ ቅጂውን ያሳተመው ደግሞ የየራሳቸው ተዛማጅ መብት አላቸው። እንግዲህ ድምፃዊው ቢያርፍም የገጣሚው መብት ከቦታው አይነቃነቅም፤ ገጣሚው ዛሬም አዲስ አበባ ቡና እየጠጣ ሊሆን ይችላል።

«ትዝታና ባቲስ የሕዝብ አይደሉም ወይ?» የሚል ብልህ ሰው ሁልጊዜ አይጠፋም። ቅኝቶቹ የማንም የግል አይደሉም፤ እውነት ነው። በቅኝቱ ላይ የተሠራው አዲስ ግጥም፣ ቅንብርና ቅጂ ግን ባለቤት አለው። «ባለቤቱን ጠቅሻለሁ» ማለትም ምስጋና እንጂ ፈቃድ አይሆንም። ዩቲዩብ ላይ በ90 ቀን ውስጥ ሦስት የቅጂ መብት ማስጠንቀቂያ የደረሰው ቻናል ሊዘጋ እንደሚችል ብዙ ጫኚ የሚያውቀው ከተዘጋበት በኋላ ነው። እኛ ፋይል መጫኑን ትተን፣ መብት ያለው ራሱ የለቀቀውን ሊንክ ብቻ እናጋራለን። በዚህ የተነሳ ቅር ብሏቸው የወጡ አሉ።

«የጥላሁን ዘፈን» ከተባለ ሌላ ስም ለምን ይጻፋል የሚሉም ብዙ ናቸው። ግጥሙን አንድ ሰው፣ ዜማውን ሌላ፣ ቅንብሩን ደግሞ እንደ ሳህሌ ደጋጎ ያለ የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ሙዚቀኛ የሠራው ሊሆን ይችላል። ደንባችን አጭር ነው፦ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር። ያልታወቀ ካለ «ያልታወቀ» ተብሎ ይጻፋል፤ በግምት የሰው ልጅ ለሌላ አባት አይሰጥም።

«ሙት ዓመቱ ፋሲካ ነው»

ይሄ ስህተት ደስ የሚል ስህተት ነው። ጥላሁን መስከረም 17 ቀን 1933 በመስቀል ቀን ተወልዶ፣ ሚያዝያ 11 ቀን 2001 በፋሲካ ዕለት ነው ያረፈው። እንዲህ ያለ ነገር ሰው አይረሳውም፤ ታዲያ በየዓመቱ ፋሲካ ሲመጣ የመታሰቢያ ሻማው ይደረደራል። መስቀል በቀኑ ይመለሳል፣ ፋሲካ ግን ተንቀሳቃሽ በዓል ነው፤ በ2016 ሚያዝያ 27፣ በ2017 ደግሞ ሚያዝያ 12 ነበር የዋለው። ሙት ዓመቱ ሚያዝያ 11 ነው። ይህን ስጽፍ «በዓሉን አታበላሽብን» ያሉኝ አሉ፤ ልክ ናቸው፣ ዶሮው ሳይበላ ማረም አልነበረብኝም።

«ስድብ ማጥፋት አፈና ነው»

በቡድናችን ከባዱ ጠብ የሚነሳው «ጥላሁን የማን ነው?» በሚል ነው። ወሊሶ ተወለደ የሚል አለ፤ የተወለደው አዲስ አበባ ነው፣ ወሊሶ የልጅነት አስተዳደጉ ቦታ ነው። አማርኛ ብቻ ነው የዘፈነው የሚልም አለ፤ በኦሮምኛም ዘፍኗል። እኛ የሸዋዎቹም ንጹሕ አይደለንም፣ ሰውዬውን በጓሮ በር ወደ ሰሜን ልናስጠጋው የምንሞክር አለን። እስከዚህ ድረስ ጨዋታ ነው፤ አጠፋም አልልም። ነገሩ ከሰውዬው ወጥቶ ወደ ብሔር ስድብ ሲዞር ግን በደቂቃ ውስጥ ይጠፋል። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግርን ወንጀል አድርጎታል። ከአዋጁ በፊት ደግሞ፣ ሙሴ ባለበት ማኅበር ጠላው ፊት ማንም ተነስቶ አይሳደብም። ተሳዳቢውን በአደባባይ አንመልስለትም፤ በግል «ወንድሜ፣ ተው» እንለዋለን። ከአሥሩ ብዙዎቹ ይቅርታ ይላሉ፣ የቀሩት ሌላ ቡድን ይከፍታሉ።

የማሕሙድ አሕመድ ወዳጅ ጠላታችን ነው የሚለውን አንድ መስመር ይበቃዋል፦ ሁለቱም በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ያለፉ ናቸው።

«አባል ከበዛ ቡድኑ አድጓል»

ቴሌግራም በአንድ ቡድን እስከ 200,000 ሰው ይፈቅዳል። ያን ያህል ሰው አንድ ቤት ውስጥ ማን ያወራዋል? የምንቆጥረው የሚናገረውን ነው። ሞላሌ ወይም አንኮበር ያለው አባል ዳታ የሚገዛው ቆጥቦ ነው፤ ከባድ ቪዲዮ ስትልክ እሱን እያስወጣኸው ነው። የአራት ደቂቃ ድምፅ በሰከንድ 128 ኪሎቢት ጥራት አራት ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። ስለዚህ የድሮ ትዝታውን የሚያወራ ሰው በድምፅ መልእክት ያወራል፣ ቪዲዮ በሊንክ ይቀመጣል።

«ኔት ከጠፋ ቡድኑ ጠፋ» የሚለውን እኔም አምን ነበር። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለወራት ሲቋረጥ፣ ዋይፋይ ያላቸው ጥቂቶች ብቻ ቀሩ፤ ቡድኑ ዝም አለ። እሑድ ከሰዓት አንድ ጋሼ ቤት መሰብሰብ ጀመርን፣ ስድስት ሰባት ሆነን። የደብረ ብርሃን ብርድ እንደምታውቁት ነው፤ ከሰል፣ ቡናና የጋሼ የድሮ ቴፕ። ካሴቱ ሲጠላለፍ በስክሪብቶ ያጠነጥኑታል፣ በየዘፈኑ መሐል ደግሞ ያቆሙና «ይሄን ግጥም ማን ጻፈው?» ይላሉ። ያወቀ ይናገራል፣ እኔ በደብተር እጽፋለሁ። ዳታው ሲመለስ ቡድኑ ላይ መጀመሪያ የለጠፍኩት ያን ደብተር ነበር፤ አራት ቦታ ላይ «ያልታወቀ» ይላል፣ ሁለቱን ያወቀ አባል ከሸዋ ሮቢት ወዲያው ሞላው።