የሐረጎው ጥቁር ጭስ፦ ትንሽ የናፍጣ ሞተርን ለውድድር ማዘጋጀት

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የተመላለሰ ሰው የሐረጎን ዳገት ያውቀዋል። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች። ደሴ ደግሞ ጦሳ ተራራ ሥር፣ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ጭነት የያዘ አሮጌ አይሱዙ ዳገቱ ላይ ሲደርስ ምን እንደሚሆን ሁላችንም አይተናል። ሹፌሩ ማርሽ ይቀንሳል። ሞተሩ ያጓራል። ከማርሚታው ጥቁር ጭስ ይትጎለጎላል። ከኋላ ያለው ሚኒባስ ተሳፋሪ መስኮት ለመዝጋት ይሽቀዳደማል።

ለውድድር የሚሆን ናፍጣ ሞተር መሥራት የሚፈልግ ሰው ትምህርቱን ከዚያ ጭስ ቢጀምር ጥሩ ነው።

ናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም። አየር ብቻ ይስብና ከ16 እስከ 22 እጥፍ አድርጎ ይጨምቀዋል። የተጨመቀው አየር በጣም ይግላል። ኖዝሉ ናፍጣ ሲረጭበት በራሱ ይቀጣጠላል። ፔዳሉ ሲረገጥ የሚጨምረው ናፍጣውን ነው። አየሩን ሞተሩ የቻለውን ያህል ራሱ ይስባል። አንድ ኪሎ ናፍጣ በትክክል ለመቃጠል 14.5 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። በተግባር ግን ናፍጣውና አየሩ ለመደባለቅ ያላቸው ጊዜ ከዓይን ጥቅሻ ያነሰ ስለሆነ ከዚያ በላይ አየር ያስፈልጋል። አየሩ ሲያንስ ናፍጣው በሙሉ ሳይቃጠል ጥላሸት ሆኖ ይወጣል። ደሴ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ከ5 እጁ 1 በላይ የሳሳ ነው። ታች ላይ የማያጨስ ሞተር እዚህ የሚያጨሰው ለዚህ ነው።

ጋራዥ የሚሄድ ሹፌር ብዙ ጊዜ የሚለው ግን «ፓምፑን ትንሽ ክፈትልኝ» ነው። የናፍጣ ፓምፑ ላይ መጠን የሚወስን ብሎን አለ። እሱ ሲዞር ናፍጣ ይጨምራል። መኪናው ለጊዜው ጉልበት ያገኘ ይመስላል። የጨመረው ግን በአብዛኛው ጭስና ሙቀት ነው።

ኮምቦልቻ አንድ ጋራዥ ውስጥ ይህ ሙቀት ምን እንደሚያደርግ በዓይኔ አይቻለሁ። ሽማግሌው መካኒክ ከመደርደሪያ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ ፒስተን አወረዱልኝ። አናቱ ላይ አውራ ጣት የሚያሳልፍ ቀዳዳ ነበረው። የቀዳዳው ጠርዝ እንደ ጧፍ ቀልጦ ወደ ታች ወርዶ ነበር። «ጋሼ፣ ምን ነክቶት ነው?» አልኳቸው። «ፓምፕ ከፍተውለት፣ አየር ነፍገውት» አሉኝ። ፒስተኑን መልሰው ጠቀለሉት። አዲስ ለማጅ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያሳዩት እሱን እንደሆነ ነገሩኝ።

ፒስተን በአብዛኛው የሚሠራው ከአሉሚኒየም ነው። ንጹሕ አሉሚኒየም 660 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። ጥንካሬውን የሚያጣው ግን ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ ነው። ስለዚህ ለውድድር የሚዘጋጅ ሞተር ላይ ከሁሉ በፊት መገጠም ያለበት፣ ከሞተሩ የሚወጣውን ጭስ ሙቀት ቱርቦው (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚልከው ክፍል) ጋ ሳይደርስ የሚለካ ጌጅ ነው። ብዙ ባለሙያዎች መርፌው ለረጅም ጊዜ ከ700 ዲግሪ በላይ እንዲቆይ አይፈልጉም። ይህ ጌጅ ሳይኖር ናፍጣ መጨመር በጨለማ ሐረጎን ያለ መብራት እንደ መውረድ ነው።

ናፍጣ የጭነት መኪና ነገር ብቻ የሚመስለው ካለ ታሪኩ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1931 የሞተር አምራቹ የካሚንስ ናፍጣ መኪና የአሜሪካውን የኢንዲያናፖሊስ 500 ማይል ውድድር አንዴም ሳይቆም ጨርሶ 13ኛ ወጣ። በ1952 ካሚንስ ቱርቦ የተገጠመለት 6.6 ሊትር ሞተር ይዞ ተመለሰ። ሹፌሩ ፍሬድ አጋባሽያን በማጣሪያው ከሁሉም ፈጥኖ ከፊት ተነሣ። 71ኛው ዙር ላይ ግን ከውድድሩ ወጣ። የቱርቦው አየር መሳቢያ ከመንገዱ በሚነሣ የጎማ ብናኝ ተደፍኖበት ነበር። ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ የሚነዳ ሰው ይህን ታሪክ ልብ ቢለው አይከፋም። የዚያ መንገድ አቧራ ማጣሪያውን ሲዘጋ የሚሆነውም ያው ነው።

ወደ ቅርቡ ስንመጣ ድሎቹ ይበዛሉ። እ.ኤ.አ. በ1998 ባለ ናፍጣው ቢኤምደብልዩ 320 ዲ በጀርመን የኑርበርግሪንግን የ24 ሰዓት ውድድር አሸነፈ። በ2006 ኦዲ አር 10 የፈረንሳዩን የ«ለ ማን» የ24 ሰዓት ውድድር ያሸነፈ የመጀመሪያው ናፍጣ መኪና ሆነ። በ2008 እና በ2009 የሲያት ባለ 2 ሊትር ናፍጣ መኪኖች የዓለም ቱሪንግ መኪና ሻምፒዮናን ወሰዱ። በ2009 የፎልክስቫገን ባለ 2.5 ሊትር ናፍጣ መኪና ዳካር ራሊን አሸነፈ።

እኔን ከሁሉም የሚያስደንቀኝ ግን የጄሲቢው ነው። ጄሲቢ ማለት መንገድ ሥራ ላይ የምናየው፣ ከፊት አፈር የሚዝቅ፣ ከኋላ የሚቆፍር ቢጫ ማሽን የሚሠራው ኩባንያ ነው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2006 ኩባንያው ለእነዚህ ማሽኖች ከሚሠራው ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር የተነሡ ሁለት ሞተሮችን አንድ ረጅም መኪና ላይ ገጠመ። ሹፌሩ አንዲ ግሪን በአሜሪካ ቦንቪል ጨው ሜዳ ላይ በሰዓት 563 ኪሎ ሜትር ነዳው። ቁፋሮ ላይ 100 የፈረስ ጉልበት ገደማ ይዞ የሚውለው ሞተር ለዚያ ቀን 750 ይሰጥ ነበር። ያን ጉልበት ያመጣው ሁለት ደረጃ ያለው ቱርቦ፣ ከባድ የአየር ማቀዝቀዣና የተጠናከረ የውስጥ አካል ነው።

ቱርቦ የሚሠራው በሚወጣው ጭስ ነው። ጭሱ አንዱን ጎማ ያሽከረክራል፣ በዚያው ዘንግ ላይ ያለው ሌላው ጎማ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ ይልካል። እዚህ ላይ የደሴ ከፍታ ሒሳቡን ይለውጠዋል። የባሕር ዳርቻ አየር ግፊት 1 ባር ያህል ነው። ደሴ ላይ 0.75 ባር ገደማ ነው። ሞተሩ 3 ባር አየር እንዲያገኝ ከተፈለገ ባሕር ዳርቻ ላይ ቱርቦው 3 እጥፍ ይጨምቃል። ደሴ ላይ ግን 4 እጥፍ መጨመቅ አለበት። ለዚያ በጣም ፈጥኖ መዞር አለበት። አየሩም ይበልጥ ይግላል፤ 20 ዲግሪ ሆኖ የገባው አየር 3 እጥፍ ሲጨመቅ 170 ዲግሪ፣ 4 እጥፍ ሲጨመቅ ከ200 በላይ ሆኖ ይወጣል። የጋለ አየር ደግሞ የሳሳ ነው። ኢንተርኩለር የግድ የሚሆነው እዚህ ጋ ነው። ከፊት ራዲያተሩ አጠገብ ይቀመጥና አየሩን ወደ ሞተሩ ከመግባቱ በፊት ያቀዘቅዘዋል። 4 እጥፍ ለአንድ ቱርቦ ሲከብድ ሁለት ቱርቦ በተከታታይ ይገጠማል። አንዱ 2 እጥፍ፣ ሌላው በዚያ ላይ 2 እጥፍ ሲጨምቅ 4 ይሆናል።

የትኛው ሞተር ይሻላል? በየመንገዱ የምናያቸው የቶዮታ 2ኤል፣ 3ኤል፣ 5ኤል እና የላንድክሩዘሩ 1ኤችዜድ ጠንካሮች ናቸው። ነገር ግን ናፍጣው መጀመሪያ የሚቃጠለው ቴስታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው ክፍል) ውስጥ ባለች ትንሽ ክፍል ውስጥ ነው። ብዙ ሙቀት በዚያ በኩል ወደ ቴስታው ያልፋል። ጉልበት ሲጨመርባቸው ቴስታው ቶሎ ይጎዳል። ናፍጣው በቀጥታ ፒስተኑ አናት ላይ የሚረጭበት ሞተር የተሻለ መነሻ ነው። 2.8 ሊትሩ የአይሱዙ 4ጄቢ1 እንዲህ ነው። የቶዮታ 1ኬዲ ደግሞ 3 ሊትር ሲሆን ከፋብሪካው ቱርቦና ኮመን ሬል (ናፍጣው በኮምፒውተር ቁጥጥር በከፍተኛ ግፊት የሚረጭበት ዘዴ) ይዞ የተሠራ ነው።

አየሩ ከተስተካከለ በኋላ ናፍጣ መጨመር ይቻላል። ሜካኒካል ፓምፕ ከሆነ ባለሙያው የፓምፑን ፒስተን በትልቅ ይለውጣል፣ የዙር መቆጣጠሪያውን ሞላ ያጠነክራል፣ ሰፋ ያለ ኖዝል ያስገባል። ቱርቦ ባላቸው ብዙ ፓምፖች ላይ የአየር ግፊት ሲጨምር ብቻ ናፍጣ የሚጨምር ድያፍራም አለ። ይህን ክፍል በደንብ የሚያስተካክል ሰው ጭስ የሌለው ጉልበት ያወጣል። ለእኔ የሙያው ጥበብ ያለው እሱ ላይ ነው። ኮመን ሬል ላይ ሥራው በኮምፒውተር ነው። ናፍጣው ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት ስለሚረጭ ትንሽ ቆሻሻ እንኳ ኖዝሉን ያበላሻል። በጀሪካን የተቀዳ ናፍጣ እዚህ ቦታ የለውም።

ግፊቱ ሲጨምር የሞተሩ አካል ሁሉ ይፈተናል። መጀመሪያ የሚለቀው ብዙ ጊዜ በቴስታውና በብሎኩ መካከል ያለው የቴስታ ጋርኒሲዮን ነው። የፋብሪካው ብሎኖች በጠንካራ ይተካሉ። ቴስታውና ብሎኩ ቀጥ ተደርገው ይላጋሉ። ፒስተንና ቢየላ (ፒስተኑን የሚይዘው ክንድ) ተቀጥቅጠው በተሠሩ ይለወጣሉ። ፒስተኑ ከሥር በዘይት እንዲረጭና እንዲቀዘቅዝ ይደረጋል። የመጨመቂያ መጠኑም ይቀነሳል፤ ጠዋት ደሴ ብርድ ላይ ሞተሩን ማስነሣት የሚከብደው በዚህ ምክንያት ነው። ፍሪሲዮኑና ካምቢዮውም አብረው መጠናከር አለባቸው። ናፍጣ ሞተር ጉልበቱን በዝቅተኛ ዙር ስለሚሰጥ መጀመሪያ የሚንሸራተተው ፍሪሲዮን ነው።

የማቀዝቀዣው ነገር ለደጋ ሰው ልዩ ትኩረት ይፈልጋል። ደሴ ላይ ውኃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የራዲያተር ክዳን ግፊት የሚይዘው የመፍያ ነጥቡን ከፍ ለማድረግ ነው። ላስቲኩ ያለቀ ክዳን ይዞ መወዳደር ሞተሩን ማቃጠል ነው።

እንዲህ የተሠራ ሞተር በሕዝብ መንገድ ላይ፣ በተለይ ተሳፋሪ በያዘ መኪና ላይ፣ ፈጽሞ መገጠም የለበትም። ሐረጎ ላይ ሰው ለማድረስ ብሬክና ትዕግሥት ይበቃሉ። የውድድር ሞተር ቦታው የተዘጋ መንገድ ነው።

ተሠርቶ ያለቀ ሞተር ወዲያው አይረገጥም። መጀመሪያ ሳይነሣ ዘይቱ እንዲዞር በስታርተር ይሽከረከራል። ከዚያ በዝቅተኛ ዙር ሞቆ፣ ጭነቱ ቀስ በቀስ እየጨመረ፣ አዲሶቹ የፒስተን ፋሻዎች ከሲሊንደሩ ጋር ይላመዳሉ። ዘይቱ ቶሎ ይቀየራል። እያንዳንዱ ሩጫ ሲያልቅም ቁልፉ ወዲያው አይዘጋም። ያ ሽማግሌ መካኒክ ቱርቦ ያለው መኪና ፈትሸው ሲመለሱ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ሞተሩን 2 ደቂቃ በሥራ ላይ ይተዉታል። የጋለው የቱርቦ ዘንግ ዘይት እያገኘ ይበርዳል። ከዚያ በኋላ ነው «በል አሁን ዝጋው» የሚሉት።